ጤነኛ የማይሳፈርበት አውሮፕላን

ሰው ብቸኝነቱን የሚያውቀው ሲታመም ነው ይባላል። እኔ ግን ጉንፋን እንኳ ሳይዘኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቆቦ ሰው ከቦኝ ቆሞ ነው ያወቅኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኛ ነሽ የሚለኝ ሰው ቢኖር እጣላው ነበር። «የኔ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ያለሁት ለሥራ ነው» የምትል መልስ ነበረችኝ። ያቺ መልስ በአንድ ቀን እንዴት እንዳለቀችብኝ ላጫውታችሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ስሙን ልተወውና፣ የአንድ አየር መንገድ የቆቦ ወኪል ነበርኩ። ወኪል ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። ትኬት ቆራጯ እኔ፣ ሻንጣ መዛኟ እኔ፣ ተሳፋሪ ሸኚዋም እኔ። ቢሮዬ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ወፍጮው ሲነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ አብሮ ይንጫጫል። አውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሮቢት በሚወስደው በኩል፣ በማሽላ እርሻ መሀል የተደለደለ አፈር ነው። ጠባቂው አያ ይማም ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከብቶቹን ከሜዳው ያባርሩና የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ጨርቅ ይሰቅላሉ። ከዚያ ሁለታችንም አንጋጠን እንጠብቃለን።

ስመጣ «ለስድስት ወር ነው» ተብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሞላኝ። ዝውውር በጠየቅኩ ቁጥር «ትንሽ ታገሺ» ይሉኛል። ጉለሌ የአሳዳጊ አክስቴ ቤት አለ፤ አክስቴ ካረፈች ወዲህ ልጇ ነው የሚኖርበት። ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፣ አይመልስም። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ቆቦ ውስጥ ደግሞ የተከራየሁት እትዬ ዘሃራ ከሚባሉ የእህል ነጋዴ ግቢ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጎብዬ ገበያ ላይ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። ማታ ማታ «ነይ እንጂ አንች ልጅ፣ እራት ቀርቧል!» ብለው ይጣሩ ነበር። እኔም ከውስጥ ሆኜ «በልቻለሁ፣ ይስጥልኝ» እልና በሬን እቆልፋለሁ። ብዙውን ጊዜ ውሸቴን ነው። ሰው ነገ ጥሎት የሚሄደውን አገር ለምን ይላመዳል ብዬ ነበር የማስበው።

ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የሚቆም ቃሬዛ ነበር። የሰፈሩ ማኅበር ንብረት ነው፤ ከገጠር የታመመ ሲመጣ ወይም ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ጎረቤት ተሸክሞ የሚሮጥበት። አንድ ቀን ታዲያ ልብስ አጥቤ ማስጫ ባጣ ቀሚሴን እሱ ላይ ዘረጋሁት። እትዬ ዘሃራ እባብ የነደፈኝ ያህል ጮኹ። «አንሺው! አንሺው ይምጣብኝ! ቃሬዛ ላይ የጤነኛ ልብስ ይሰጣል? በሽታን ና ብለሽ ጠራሽው እኮ!» ቀሚሴን ራሳቸው አንስተው፣ አራግፈው ሰጡኝ። እኔም ጉድ ነው ብዬ ገባሁ። ሌላም ጉድ ነበራቸው። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው በሽተኛውን አድርሶ ዝም ብሎ አይመለስም። የሚቀበለው ሰው «ተረክቤያለሁ» እስኪል ይቆማል። በሽተኛ ይዘው ሜዳው ላይ ሲመጡ አብራሪዎቹ ይቺን ቃል እስኪሉ ድረስ ከአውሮፕላኑ አጠገብ ንቅንቅ አይሉም ነበር። አብራሪዎቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ለምደው ሳይጠየቁ ማለት ጀመሩ።

የኔ ራስ ምታት ሌላ ነው። በሽተኛ ያለ ቀን በሽተኛውና አጃቢዎቹ ይሳፈራሉ። በሽተኛ የሌለ ቀን ግን አውሮፕላኑ አንድ ለስብሰባ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ይዞ፣ አንዳንዴም ማንንም ሳይዝ ይነሳል። የቆቦ ነጋዴ ግን አዲስ አበባ ሳይመላለስ አይውልም! አውቶቡስ ላይ ታጭቆ፣ ደሴ አድሮ፣ ሁለት ቀን በአቧራ ተለውሶ ይደርሳል። በአውሮፕላን ግን ከምሳ በፊት ይገባ ነበር። ፈርተው ነው እንዳልል የራያ ሰው ፈሪ አይደለም። ቆጥበው ነው እንዳልል ለሠርግ ሰንጋ የሚጥሉትን አይቻለሁ። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጠና ያሉ ሰው ወረዱ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲነሳም አብረው አልሄዱም።

«መላኩ እባላለሁ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት» አሉኝ አቧራቸውን እያራገፉ። «የትኛው መስመር እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የማጠናው እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ እዚህ ነኝ።»

ልቤ ዘለለ። የደስታ ይሁን የድንጋጤ ያኔም አልለየሁትም። «ሊዘጋ ነው?» አልኳቸው።

«ገና አላየሁም። ከተዘጋ ግን አንቺ ወደ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ። ዝውውር ጠይቀሽ የለ?»

ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ዞርኩ። ቢሮዬ ያሉትን ወረቀቶች ገረፍ ገረፍ አደረጉና መናኸሪያ ሄደው ተቀመጡ። የሚሳፈረውን ሁሉ እየጠሩ ወዴት ነህ፣ ለምን ትሄዳለህ፣ መቼ ትመለሳለህ ይሉታል። እኔ ሥራቸው ቢሮ ውስጥ ሆኖ መደመርና መቀነስ ይመስለኝ ነበር።

«ባዶ ወንበር መቁጠርማ ማንም ይቆጥራል» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው መሄድ የፈለገ ሰው መኖሩን ነው። ሰው ካለ መስመሩን ማዳን ይቻላል፤ ሰዓቱን ትለውጪለታለሽ፣ ቀኑን ከገበያው ጋር ታስማሚለታለሽ። ሰው ከሌለ ግን ምንም አታደርጊም። ደግሞ ከመሄጃው ይልቅ መመለሻውን ነው የማየው። ሞልቶ ሄዶ ባዶ ከሚመለስ፣ ሲሄድም ሲመጣም ግማሽ የሚሆን ይሻለኛል። አውሮፕላን በሄደበት መንገድ መመለስ አለበት፤ ነዳጁ ያው ነው። ዝናብ ሲጥልም ይሄ ሜዳችሁ ጭቃ ይሆናል፤ እሱም ይታሰባል።»

«ቢቀርስ አውሮፕላኑ ምን ይሆናል?»

«ሌላ ከተማ እየለመነን ነው። ያለን አውሮፕላን ደግሞ ይሄው ነው። ለአንዱ ስትሰጪ ከአንዱ ነጥቀሽ ነው።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «በየሄድኩበት በግ ያርዱልኛል። በግ ያረደልኝን ከተማ ስም ሰርዤ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ባልፍም አልወርድም።»

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ በግ አረዱ። ሳቄ መጥቶ በግድ ዋጥኩት። አቶ መላኩን ግን አላሳቃቸውም፤ ጥቂት ቀመሱና የመጡበትን ጉዳይ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች በግልጽ ነገሯቸው። ነገ የሚሳፈር ሰው ካገኘሁ መስመሩ የሙከራ ጊዜ እንዲጨመርለት እከራከራለሁ፣ ካላገኘሁ ግን አውሮፕላኑ ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል አሏቸው።

የእትዬ ዘሃራ ፊት ሲገረጣ አየሁ። ሴት ልጃቸው ሰአዳ ዋጃ ነው የተዳረችው። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ አውሮፕላኑ ቆቦ ማረፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ምጥ ጠንቶባት ነፍሷ ልትወጣ ስትል በቃሬዛ ሜዳው ድረስ አምጥተዋት ነበር። አዲስ አበባ ደርሳ እሷም ልጇም ተርፈው ተመለሱ። አሁን ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ሐኪሙም እንደ በፊቱ እንዳያስቸግራት ፈርቷል።

«ያረቢ!» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ነገ ሁላችንም እንመጣለን ጌታው። ይመኑን።»

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሰው እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል። ነጋዴው ነጭ ለብሷል፣ ሽማግሌው ሽመሉን ይዟል፣ ሴቶቹ ለሠርግ የሚያወጡትን ሻሽ አስረዋል። አቶ መላኩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አየሽ? ሰው አለ!» አሉኝ። እንደዚያ ሲደሰቱ ስላየሁ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን እንግዲህ ዝውውሬ ቀረ አልኩና ከፋኝ። አውሮፕላኑ አረፈ። በሩ ተከፈተ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ግቡ እንጂ!» አሉ አቶ መላኩ። «ትኬቱን እዚሁ ትቆርጥላችኋለች።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አያ ይማም ከመሀል ወጥተው ጎንበስ አሉ። «ልንሸኝዎ ነው የመጣን ጌታው። ብዙ መሆናችንን እንዲያዩልን። እኛማ ጤነኞች ነን፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጤነኛ ብትሆኑስ?»

«እንዴ!» አሉ እትዬ ዘሃራ እየተጠጉ። «ጤነኛ ቃሬዛ ላይ ይወጣል? ይሄ እኮ ልጄን የተሸከመልኝ ቃሬዛ ነው። እኔ አለነገሬ ተንፈላስሼ ስቀመጥበት የታመመ ቢመጣ የት ሊሆን ነው? እኛ በአውቶቡሱም እንደርሳለን።»

አቶ መላኩ ሻንጣ መመዘኛዬ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ሆኖ የሄደ ወንበር ሁሉ ሰው ያጣ አልነበረም። ሰዎቹ ለማያውቁት በሽተኛ እያቆዩት ነው። ይህን አዲስ አበባ ላለ ሰው በምን ቋንቋ ታስረዱታላችሁ?

«ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ስኖር» አሉ አቶ መላኩ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም። ግን ስሙኝ። ቦታ የምታቆዩለት በሽተኛ ሲመጣ አውሮፕላኑ አይኖርም።»

ፀሐዩ እየከረረ ነው፤ አብራሪው ሙቀቱ ሳይብስ መነሳት አለብን እያለ ይቁነጠነጣል። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተማከሩ። አያ ይማም ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። «አገኘነው! በሽተኛ ካለ አጃቢ ይሳፈራል፤ ነውር የለውም። በሽተኛ ይፈለግ!»

ቆቦ በሽተኛ ተመኝታ የምታውቀው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ሁሉም ጎረቤቱን መመርመር ጀመረ። አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት ላይ ዓይን ሲበዛባቸው ተቆጡ። «ጉልበቴን ነው እንጂ እኔ ታምሜ አላውቅም!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን እትዬ ዘሃራ እያዩኝ መሆኑን አየሁ።

«ይቺ ልጅ ታማለች» አሉ።

«እኔ? እኔ ደህና ነኝ እትዬ!»

«ደህና ነሽ?» አሉ ወደ እኔ እየተጠጉ። «ሁለት ዓመት ማዶ ለማዶ ስንኖር ስትስቂ የሰማሁሽ ዛሬ ነው። ብቻሽን ትበያለሽ። አንዳንድ ቀንማ አትበይም፣ በልቻለሁ ትይኛለሽ እንጂ የወጥ ሽታ ከቤትሽ አይወጣም። ዓመት በዓል ሲሆን ሬድዮ ከፍተሽ ከውስጥ ትቆልፊያለሽ። ይሄን በሽታ አውቀዋለሁ ይምጣብኝ። ባሌ የሞተ ዓመት ይዞኝ ነበር። እኔን ጎረቤት ተሸከመኝ። አንችን ማን ይሸከምሽ?»

የምመልሰው ነበረኝ፤ ያቺን የለመድኳትን። «የኔ ቤት» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የመሥሪያ ቤት ሻርፕ አንገቴ ላይ ታስሮ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አፍሬያለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው አየኝ ብዬ ደስም ብሎኛል።

«እንግዲህ በሽተኛ ተገኘ» አሉ አያ ይማም፣ የራሳቸውን ዓይን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «አጃቢ ግባ!»

ወደ አቶ መላኩ ዞሬ ጣቢያውን ጥዬ መሄድ አልችልም አልኩ። «እኔ ፈቅጃለሁ፤ ሜዳውን አያ ይማም ይጠብቃሉ» አሉኝ። ነጋዴው ከኪሱ፣ የሌለው ከማኅበሩ እያዋጣ ከፈለ፤ እኔም እንባዬ የሚንጠባጠብበትን ትኬት ቆረጥኩ። ወንበሮቹ ሁሉ ሞሉ። ከዞብል ተራሮች ፊት ለፊት ስንነሳ ከኋላ አንዱ ዱዓ ጀመረ፣ ሌላዋ አማተበች። እትዬ ዘሃራ እጄን አልለቀቁም፤ በየመሀሉ ግንባሬን እየዳበሱ ሙቀት እንዳለው ያያሉ።

አዲስ አበባ ስንወርድ አቶ መላኩ አጃቢዎቼን ሰበሰቡ። «መመለሻውንስ? ለማክሰኞ ልያዝላችሁ?»

«የምን መመለሻ?» አለ ሀሰን የሚባለው የእህል ነጋዴ። «በሽተኛዋን ለቤተሰቧ ካስረከብን በኋላ ጤነኞች አይደለን? በአውቶቡስ ነዋ!»

አቶ መላኩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ። ያኔውኑ ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ። ሄዱ፤ እኛም ጉለሌ ሄድን።

ያ ሁሉ ሰው፣ ሽመሉም ሻሹም፣ በጠባቧ መንገድ ተከትሎኝ የአክስቴ በር ላይ ቆመ። አንኳኳሁ። የማላውቃት ሴት ልጅ ታቅፋ ከፈተች።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ስሜን ነገርኳት። የአክስቴን ልጅ ስም ጠራሁላት። ቤቱን ከሸጠላቸው ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወዴት እንደሄደ አታውቅም። አንድ ክምር ደብዳቤ አምጥታ ሰጠችኝ፤ የራሴ ጽሕፈት ነው። አንዱም አልተከፈተም። ይቅርታ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ዞር ብዬ ሰዎቹን ማየት ፈራሁ። የት ውሰዱኝ ልበላቸው? በዚያ ትልቅ ከተማ ውስጥ እኔን የሚረከብ አንድ ሰው ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻንጣዬን ያልፈታሁት ወደዚህ ለመመለስ ነበር።

ሀሰን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ማነው የሚረከባት?» አለ። ክፋት አልነበረውም። ወጉ ስለሆነ ነው የጠየቀው፤ ካልተጠየቀ አጃቢ አይበተንም።

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አስተካክለው ከአጃቢዎቹ መሀል ወጡ። መጥተው አጠገቤ፣ ከተዘጋው በር ጋር ቆሙና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«እኔ ተረክቤያለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሁላችንም በአውቶቡስ ተመለስን። ደሴ አደርን፣ በአቧራ ተለወስን። ቆቦ የገባን ማታ «እራት ቀርቧል» ሲሉ ወጥቼ በላሁ።

አቶ መላኩ ቃላቸውን ጠብቀው ተከራክረዋል። አልሆነላቸውም፤ በራሳቸው አንደበት በስልክ ነገሩኝ። «ባዶ የሚመለስ አውሮፕላን ይዤ ብዙ መከራከር አልቻልኩም። ዝውውርሽ ግን ተፈቅዷል» አሉኝ። አመሰገንኳቸውና ሥራውን ለቅቄ ቆቦ እንደምቀር ነገርኳቸው። «በዚያ በኩል ባልፍ እወርዳለሁ» አሉኝ፤ እስካሁን ግን አላየኋቸውም። በርሳቸው አልፈርድም። ያላቸውን አንድ አውሮፕላን ለሚሳፈርበት ሰጡ፤ እዚያም ከተማ ምጥ የሚጠናባት ሴት አትጠፋም።

ሰአዳ ሰዓቷ ሲደርስ አውሮፕላን አልነበረም። ከዋጃ ገጠር እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ወሰድናት። እኔ ከጎኗ ሆኜ እጇን ይዤ ነበር። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ የሞተች መስሎን ጮኸናል። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርሷ «ተረክቤያለሁ» እስክትል ቆመን፣ ቃሏን ስንሰማ ሁላችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። እናትም ልጅም ተረፉ። መንገዱ ላይ የቀሩም ሌሎች አሉ፤ አውሮፕላኑ ቢኖር ኖሮ እያልን ቀብረናቸዋል። ይህን ሳልነግራችሁ ታሪኩን በሳቅ ብቻ ባሳልፈው አታላይ እሆናለሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አንዳችሁ ለሥራ ብላችሁ ከሄዳችሁበት አገር በር ቆልፋችሁ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ምክር አልሰጣችሁም፤ ያኔ ምክር ቢሰጡኝ አልሰማም ነበር። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ፦ ዛሬ ተሸክመው ቢያወጧችሁ «ተረክቤያለሁ» የሚላችሁ ማነው? መልሱ ቶሎ ካልመጣላችሁ፣ ከማዶ የሚጣራውን ሰው ድምፅ ዛሬ ማታ ስሙት።

ሜዳው አሁን ማሽላ ይዘራበታል። አያ ይማምም እትዬ ዘሃራም አልፈዋል፤ አፈሩ ይቅለላቸው። ሰፈሩ ቃሬዛውን እኔ ግቢ አስቀምጦታል። በዚህ ሁሉ ዓመት ማስጫ አጥቼ የተቸገርኩበት ቀን ብዙ ነው፤ እሱ ላይ ግን አስጥቼ አላውቅም።